ወይዘሮ ይመኙሽ ወልደ ዮሐንስ እና በውሃ የሚሟሟው የድንጋይ አበባ

ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት የምንሰናበታቸው ወይዘሮ ይመኙሽ ወልደ ዮሐንስ፣ ኅዳር 12 ቀን 1899 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ በገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ተወለዱ። አባታቸው ቁም ጸሐፊው መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ፣ እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ናቸው። በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና ሲነሡ ወለተሩፋኤል ተባሉ።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ዳዊትና ገድል ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ጥላሸት የሚሰበስቡላቸውና ቀለሙን የሚያማስሉላቸው ይመኙሽ ነበሩ። ጎረቤት «መሪጌታ፣ ምነው ሴት ልጅዎን ብራና ፊት አስቀመጧት?» ሲላቸው «ቀለሙን አውቃ ፊደሉን ብትተወው ምን ይጠቅማታል?» ብለው ይመልሱ ነበር። በዚህ ዓይነት ወይዘሮ ይመኙሽ ገና በልጅነታቸው ዳዊት ደገሙ፤ መጻፍም ቻሉ። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ይህ ለሴት ልጅ ብርቅ ነበር።

ከመንደሩ በታች፣ ገደሉ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ዝናብ የማያገኘው ጥላ የሠራበት ቦታ አለ። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ የዚያ ቦታ ግድግዳ ያልበዋል። ኅዳር ሲጋመስ ላቡ ይደርቃል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ድንጋዩ ያብባል፤ ብርቱካን የመሰለ፣ ፀሐይ ስትወጣ ሰማዩ ጫፍ ላይ የሚታየውን የመሰለ ልባስ ያወጣል። ቀርበው ሲያዩት እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ጥቃቅን ነገር ነው። የበልግ ካፊያ ነፋስ ይዞት ገብቶ የነካው እንደሆነ ግን በማግሥቱ የለም፤ ግድግዳው ጥቁር ሆኖ ይገኛል። ያገሩ ሰው «የድንጋይ አበባ» ይለዋል። ፍየል አይልሰውም፤ ንብም አያርፍበትም። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል «ማን እንደ ዘራው አይታወቅምና እንዳትነኪው!» እያሉ ልጃቸውን ይከለክሉ ነበር። ልጅቱ ግን ከሩቅ ተቀምጠው ሲያዩት ይውሉ ነበር። በኋላ ዘመን ሲያወጉን «ሕልም ያየሁ እየመሰለኝ እመለስ ነበር» ይሉን ነበር።

በ1915 ዓ.ም. ለደብር ሥራ ከጎንደር ወደ ጃናሞራ የመጡት ሰዓሊ ሐብተ ማርያም ገሠሠ ይመኙሽን አይተው ሽማግሌ ላኩ። ጋብቻው በሥርዓተ ተክሊል ተፈጸመና ሙሽራዋ ወደ ጎንደር ወርደው ከቀሐ ወንዝ ማዶ ጎጆ ወጡ። በቤታቸው ሦስት ልጆች ተወለዱ፤ እነርሱም እንኳየሁ፣ ሸዋአየሁና በላቸው ናቸው። ባል ሲሥሉ ሚስት ቀለም ይፈጫሉ። የሰዓሊ ሐብተ ማርያም ሥዕል ያማረው ግማሹ በሚስታቸው ክንድ እንደሆነ ባልየው ራሳቸው ለሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን ቤተሰቡ ጃናሞራ ገብቶ ቆየ፤ በ1934 ዓ.ም. ተመለሰ።

በ1940 ዓ.ም. በከተማው ካሉት አጥቢያዎች አንዱ የቅዱስ ሩፋኤልን ሥዕል በአዲስ ሸራ እንዲሥሉ ሰዓሊ ሐብተ ማርያምን ጠየቀ። የደብሩን ስም እዚህ መጥራት አያስፈልግም፤ የፈረዱትም የተፈረደባቸውም ዛሬ በአንድ አፈር ውስጥ ናቸው። ሰዓሊው ሌላውን ሁሉ ጨርሰው የመልአኩ ክንፍ ላይ ቆሙ። ከገበያ የሚመጣው ቀይ በዛባቸው፤ ቢጫው አነሰባቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብሩሻቸውን ይዘው ሲቀመጡ ሲነሡ ያዩት ባለቤታቸው አንድ ቀን ጠጋ ብለው ጠየቁ።

«የሚፈልጉት የንጋት መልክ ነው?»

«የንጋት መልክ ነው። ግን ከየት ይመጣል?»

«እኔ የበቀለበትን አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ይመኙሽ።

በዚያው ሳምንት ወደ ጃናሞራ ወጡ። ታላቅ ወንድማቸው አያ ሰጠኝ ገመድ ይዘውላቸው፣ እናታቸው የከለከሏቸውን አበባ በአርባ አንድ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው ነኩ። በላባ እየጠረጉ የአባታቸውን የቀለም ቀንድ ሞልተው ተመለሱ። በእንቁላል አስኳልና ከቆዳ በተቀቀለ ማጣበቂያ ለውሰው ሰጧቸው። ክንፉ በጥር ወር ተቀባ። ሥዕሉም ተገለጠ። ከእንፍራንዝ ድረስ ሰው እየመጣ ያየው ነበር፤ ጧት በምሥራቁ በር ብርሃን ሲገባ ክንፉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል እያሉ አሮጊቶች እልል ይሉ ነበር።

ክረምት ገባ። በሰኔ ክንፉ ጠየመ። በሐምሌ ጫፍ ጫፉ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ። በነሐሴ ሰማያዊ ጥላ ገባበት፤ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ደግሞ ቀለሙ ቀልጦ በመልአኩ ልብስ ላይ እንደ ዕንባ ወረደ። ጳጉሜን 3 ቀን ለሩፋኤል በዓል ሕዝቡ ተሰብስቦ መጋረጃው ሲነሣ፣ በጥር ያየውን ንጋት አጣው። ግማሹ «መልአኩ አዘነብን» አለ። ግማሹ «ሰዓሊው ሟርተኛ ነው» አለ።

ሰበካው ጉባኤ ተቀመጠ። የደብሩ አለቃ «በዚህ ቀለም ውስጥ ምን ጨመርክበት? ከማን ተቀበልከው?» ብለው ጠየቁ። ሰዓሊ ሐብተ ማርያም «የቀባው እጅ ይኸው ነው፤ ሌላ እጅ አትፈልጉ» ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመሩም። ከዚያች ዕለት ጀምሮ በየትኛውም ቤተ መቅደስ ብሩሽ እንዳያነሡ ተከለከሉ።

ወይዘሮ ይመኙሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አለቃው ሊሄዱ ሲወጡ ባላቸው በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ወዴት ነው?»

«ቀለሙ የኔ ነው። ሄጄ እናገራለሁ።»

«እኔን ሟርተኛ ካሉ አንቺን ምን ሊሉሽ ነው? እናትሽን፣ አገርሽን፣ ልጆችሽን ምን ሊሉ ነው? በሩፋኤል ገዝቼሻለሁ፤ ይህን ነገር ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

ግዝት ነውና ተመለሱ። ባልየው ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል በደጃቸው ተቀምጠው ኖሩ፤ ቀለም የለመደው እጃቸው ጭን ላይ አርፎ። በ1943 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ዐረፉ። ሐኪም የልብ ድካም አለ። ሚስታቸው ግን የልቡን ድካም ምክንያት ያውቁ ነበር፤ ለማንም መናገር አልቻሉም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው የመጨረሻ ልጃቸው በላቸው ያን ጊዜ በጎጃም በትምህርት ላይ ስለነበረ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ያገኘው ከእኅቶቹ አፍና እናታቸው በገዛ እጃቸው ጽፈው ካስቀመጡት ወረቀት ነው። ወረቀቱ «ሐብተ ማርያም አላታለለም። እንግዲያው ያታለለው ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምራል።

ከ1944 እስከ 1949 ዓ.ም. ወይዘሮ ይመኙሽ በየበጋው ወደዚያ ገደል ወጡ። ያገኙትን ሁሉ ጻፉ። አበባው በውሃ ውስጥ ሲገባ ምንም ዝቃጭ ሳይተው ይሟሟል፤ ውሃውም ብርቱካን ይሆናል። ያን ውሃ በሸክላ ሰሐን አድርገው በጥላ ቢያደርቁት አበባው ተመልሶ ይወጣል፤ «እንደ ሞተና እንደ ተነሣ» ይላል ጽሑፋቸው። በደረቅ አየር ክፍቱን ቢሰነብት ብልጭታው ይጠፋና እንደ ሽሮ ዱቄት ቢጫ ይሆናል። በቀንድ ተደርጎ አፉ በሰም ቢታሸግ ዓመትም ሁለት ዓመትም መልኩን አይለቅም። ከአስኳልና ከቆዳ ማጣበቂያ ጋር ተለውሶ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይጠይማል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰንብቶም ሰማያዊ ይገባበታል። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ቢሞክሩ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። በሦስተኛው ሙከራ ግርጌ «ያታለልኩት እኔ ነኝ፤ ግን አላወቅሁም» ብለው ጽፈዋል።

የሠፈር ሰው ስለ እርሳቸው ብዙ አወራ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቀልቧ ተወስዷል፣ ከሰሐን ጋር ታወራለች ተባለ። እንኳየሁ «እማዬ፣ ይብቃሽ፤ ሰው ምን ይላል?» ብላ ብታለቅስ «ሰው የሚለውን ብሏል፤ ድንጋዩ የሚለውን ልስማ» አሏት።

በ1949 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሸክላ ሊገዙ ወለቃ ወጥተው ሳለ ከመንገዱ ዳር ድንኳን ተክለው ድንጋይ የሚሰባብሩ የመንግሥት ሰዎች አዩ። አለቃቸው አቶ ዳኛው ፈረደ ይባላሉ፤ ውጭ አገር ስለ ድንጋይና ማዕድን ተምረው የመጡ ወጣት ነበሩ። ወይዘሮ ይመኙሽ በማግሥቱ የቀለም ቀንዳቸውን በነጠላ ጠቅልለው ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣ ድንጋይ ታውቃለህ አሉ።»

«ጥቂት አውቃለሁ፣ እማማ።»

ሰሙን ፈልፍለው ከቀንዱ ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው። አቶ ዳኛው ገልመጥ አድርገው አዩና «ይሄማ የብረት ዝገት ነው» አሉ።

«ዝገት ውሃ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል?»

ሰውየው ሳቁ። ወይዘሮ ይመኙሽ አልሳቁም። ንጹሕ ብርጭቆ አስመጥተው ውሃ ቀዱና ቆንጥረው ጨመሩበት። ውሃው እንደ ማለዳ ሰማይ ቀላ፤ ከሥሩ አንዲት ቅንጣት እንኳ አልቀረችም። አቶ ዳኛው ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥተው እያዞሩ አዩት።

«እማማ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«እስከ ደባርቅ በማኪና ነው፤ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ። ታኅሣሥ ሲገባ ያብባል፤ ከፈለግህ ይዤህ እሄዳለሁ።»

በታኅሣሥ አጋማሽ ሄዱ። አቶ ዳኛው ከገደሉ ጥላ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው አጉሊ መነጽራቸውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው ግማሽ ቀን ዋሉ። አያ ሰጠኝ ተጨንቀው «ይመኙሽ፣ ምነው ሰውዬው ተኝቶ ቀረ? አሞት ይሆን?» ሲሉ እኅታቸው «ተወው፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ» አሏቸው። ሲነሡ ጀርባቸው አፈር፣ ፊታቸው ሳቅ ነበር። በሁለቱ ጥቁር ዓለቶች መካከል እንደ ከሰል የጠቆረ ስስ ንብር እንዳለ አሳዩዋቸው። የክረምቱ ውሃ በዚያ ንብር ውስጥ ሲያልፍ አንድ የተሸሸገ ብረት አሟሙቶ ይዞ ይወጣል፤ በጋ ውሃው ሲተን የያዘውን ግድግዳው ላይ ትቶት ይሄዳል አሉ። «ያ ብረት ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅ። ውጭ አገር ልከን እናስመርምረው።»

የመጀመሪያው ናሙና በወረቀትና በጨርቅ ተጠቅልሎ በግንቦት ተላከ። በመንገድ ላይ ዝናብና እርጥበት አገኘው። ከወራት በኋላ የመጣው መልስ «የላካችሁልን እድፍ ያለበት ወረቀት ብቻ ነው» የሚል ነበር። አቶ ዳኛው ይህን ሲነግሯቸው አፍረው አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ ይመኙሽ «ይኼ ዕቃ በወረቀት አይጓዝም፤ እኔን ሳትጠይቀኝ ነው የላክኸው» አሉና በሚቀጥለው ታኅሣሥ ራሳቸው ወጥተው፣ ራሳቸው በላባ ጠርገው፣ በባላቸው የቀለም ቀንድ ሞልተው፣ ሰሙን ራሳቸው አቅልጠው አሸጉት። ከላዩ በጨው የደረቀ ቆዳ አለበሱት። ቀንዱ ባሕር ተሻግሮ እንደ ታሸገ ደረሰ።

ደብዳቤው በመስከረም 1951 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። አቶ ዳኛው ከቀሐ ማዶ እቤታቸው ድረስ ይዘውት መጥተው እየተረጎሙ አነበቡላቸው። አበባው ቫናዲየም የሚባል ብረት፣ በኖራ ውስጥ ከሚገኘው ካልሲየም ከሚባል ብረትና ከውሃ ጋር ተዋሕዶ የሠራው ማዕድን ነው፤ እንዲህ ያለው በመጀመሪያ ፔሩ በምትባል ሩቅ አገር ተራራ ውስጥ የተገኘ ሲሆን፣ በዓለም ላይ በጣት ከሚቆጠሩ ቦታዎች በቀር አይታይም ይላል። የፈረንጅ ስምም አለው፤ ወይዘሮ ይመኙሽ ግን ያን ስም አፋቸው ላይ ማስገባት አልወደዱም። ደብዳቤው ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ስለ መልኩ ምን ይላል?»

«ይህ ብረት መልኩን የሚለውጥ ነው ይላል። እንቁላል፣ ማጣበቂያ፣ ማር ሲነካውና ብርሃን ሲያገኘው ከብርቱካን ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ጠባዩ ነው። ማንም አያስቀረውም።»

ወይዘሮ ይመኙሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። አቶ ዳኛው ምን እንዳጠፉ አላወቁም ነበር።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ ሄደው ግዝቱን ተናገሩ። መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ አድምጠው «ባልሽ የገዘተሽ ሊጠብቅሽ ነው። አሁን አንቺ እርሱን የምትጠብቂበት ጊዜ ነው፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ግዝቱን ፈቱላቸው።

በጥቅምት ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ጉባኤ በአጸዱ ውስጥ ተቀመጠ። ያው አለቃ አርጅተው በመቋሚያ ተደግፈው ነበር። ወይዘሮ ይመኙሽ በብርጭቆ ውሃ ከአበባው አሟሙተው ለሁሉ አሳዩ። ከዚያ ማርና ሎሚ ጨምረው በፀሐይ ላይ አኖሩትና ከአጠገቡ ተቀመጡ። ማንም አልሄደም። ጥላ እየተሳበ፣ ካህናቱ መቀመጫቸውን እየገፉ ቆዩ። ውሃው ቀስ እያለ ጠየመ፤ ከቀትር በኋላ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ነበር፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሰማያዊ ገባበት። ያ የሩፋኤል ክንፍ መልክ ነበር። አንድ ዲያቆን ሳያስበው አማተበ።

ወይዘሮ ይመኙሽ ብድግ አሉ። «አባቶቼ፣ ያን ቀለም ያመጣሁት እኔ ነኝ። የፈጨሁትም የለወስኩትም እኔ ነኝ። ሐብተ ማርያም ቀባው እንጂ ምን እንደሆነ አላወቀም። እኔም አላወቅሁም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አሉ አለቃው።

«በሩፋኤል ገዝቶኝ ነበር።»

አለቃው ብርጭቆውን አስቀርበው አዩት። «በድለነዋል» አሉ። «እኔ ነኝ የበደልኩት፤ ጉባኤው የኔን ቃል ተከተለ።» ተነሥተው በመቋሚያቸው እየተደገፉ ከአጥሩ ጥግ ወዳለው ወደ ሰዓሊ ሐብተ ማርያም መቃብር ሄደው ፍትሐት አደረሱ። በሥዕሉ ግርጌም «ዘሠዐሎ ሐብተ ማርያም ወእንተ አምጽአት ሕብሮ ወለተ ሩፋኤል» ተብሎ ተጻፈ። ሐብተ ማርያም ሣለው፣ ቀለሙን ወለተሩፋኤል አመጣችው ማለት ነው። ክንፉን በሌላ ቀለም እናድስ ሲባል ወይዘሮ ይመኙሽ እንዳይነካ ለመኑ፤ ዛሬም እንዳለ አለ።

በ1957 ዓ.ም. ክረምቱ በርትቶ የዚያ ገደል ጥላ ተንዶ ወደ ሸለቆው ወረደ። አያ ሰጠኝ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው መልእክተኛ ላኩ። ወይዘሮ ይመኙሽ «ሸጋ ሆኖ ኖረ። ውሃው ካለ ሌላ መውጫ አያጣም» አሉ እንጂ አላዘኑም። ዓመት ዓመት አቶ ዳኛው ሥራ ወደ ጎንደር ሲያመጣቸው እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። ወይዘሮ ይመኙሽ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለሰፈሩ ሴቶች ልጆች ፊደል ያስቆጥሩ ነበር፤ ከእነዚያ ልጆች አራቱ ዛሬ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ።

ካለፈው ዓመት ሐምሌ ጀምሮ የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ሕክምና ቢደረግላቸውም ሊሻላቸው አልቻለም። ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ መርቀው፣ ጥር 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ይመኙሽ ወልደ ዮሐንስ የሁለት ሴቶችና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የዘጠኝ የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በሰማንያ ዓመታቸው ከጃናሞራ ወርደው ዛሬ በመካከላችን የቆሙት ወንድማቸው አያ ሰጠኝ ወልደ ዮሐንስም ከሐዘንተኞቹ አንዱ ናቸው። በሕመማቸው ወራት ላልተለዩአቸው ጎረቤቶች፣ ለንስሐ አባታቸው፣ ከሩቅ ለደረሱት ለአቶ ዳኛው ፈረደ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። አሁን ከባለቤታቸው ጎን እናሳርፋቸዋለን።

የወጡትን ዳገት፣ የተሸከሙትን ዝምታ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ እናቶች መካከል ያኑርልን። ላዘነው ቤታቸው ሁሉ መጽናናቱን ይላክልን። አሜን።